በባትሪ የሚሠራ የስቱዲዮ ፍላሽ ልገዛ ነው፤ አንድ ባለ 600 ወይስ ሁለት ባለ 200?

ማለዳ ጮራ

ሰላም ለሁላችሁ። እናንተ የምትጽፉትን እያነበብኩ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ዛሬ የራሴን ጥያቄ ይዤ መጣሁ። ሜዳ ላይ ይዤው የምወጣው፣ በባትሪ የሚሠራ የስቱዲዮ ፍላሽ ልገዛ ነው። አንዴ ካወጣሁት ቶሎ የማልተካው ገንዘብ ስለሆነ መሳሳት አልፈልግም።

ሥራዬ በአብዛኛው ከቤት ውጭ ነው፦ ሙሽሮች፣ ቤተሰብ፣ አልፎ አልፎ አሥራ አምስት ሃያ ሰው አንድ ላይ። እስካሁን የሠራሁት በሁለት ስፒድላይት (ካሜራ ላይ በሚሰካው ትንሽ ፍላሽ) ነው። ጠዋትና አመሻሽ ላይ አሳፍረውኝ አያውቁም። ጉዱ የሚመጣው ቀትር ላይ ነው። ባለፈው ሙሽሮቹ ዘግይተው ደረሱና ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ጀመርን። ፀሐይን ከኋላቸው አድርጌ፣ ሁለቱን ስፒድላይት በአንድ ባለ 90 ሳንቲሜትር ሶፍትቦክስ (ብርሃኑን በጨርቅ የሚያለሰልስ ሳጥን) ውስጥ ሙሉ ኃይል ላይ አድርጌ ፊታቸውን ልሞላ ሞከርኩ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰባት ፎቶዎች ደህና ወጡ። ከዚያ በኋላ አንዱ ሲበራ አንዱ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ሁለቱም ዝም። በዚህ መሐል ሙሽራዋ ባሏ በጆሮዋ የነገራት ነገር አሳቃትና አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ከልቧ ሳቀች። ሹተሩን ተጫንኩ፤ ፍላሹ አልበራም። ባትሪዎቹን ሳወጣቸው ጣቴን ፈጁኝ፤ አንደኛው ስፒድላይት ደግሞ ከሙቀቱ ብዛት ራሱን ቆልፎ ነበር። ማታ ፋይሉን ከፍቼ ጥላውን ላነሳ ታገልኩ፤ ፊቷ ላይ የወጣልኝ ነጠብጣብ ብቻ ነው። ያቺ ፎቶ ከአእምሮዬ አልጠፋችም።

እና፦ አንድ ባለ 600 ዋት-ሰከንድ (የፍላሹ ኃይል መለኪያ) ይሻለኛል ወይስ ሁለት ባለ 200? መሐል ላይ ያለው 400ስ? ቲቲኤል (ካሜራው ራሱ የፍላሹን ኃይል የሚወስንበት) የግድ ነው? ባትሪው በእርግጥ ቀኑን ይዘልቃል? ካሜራዬ ሲንክ የሚያደርገው (ሹተሩ ከፍላሹ ጋር የሚገጥመው) እስከ 1/200 ሰከንድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ረዳት የለኝም።


ጥቁር ሳጥን

እህቴ፣ መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጠይቅሽ። ሶፍትቦክሱን ከሰዎቹ በምን ያህል ርቀት ነው የምታቆሚው? ሁለቱም ጨርቅ ተደርቦበት ነው? ከኋላ ያለው ሰማይ ሰማያዊ ሆኖ እንዲወጣ ትፈልጊያለሽ ወይስ ቢነጣም ግድ የለሽም? ሁለት ሰዎች አንድን ፍላሽ «ይበቃል»፣ «አይበቃም» እያሉ ሲሟገቱ፣ ብዙውን ጊዜ አንደኛው በ1 ሜትር ሌላው በ4 ሜትር እየሠራ ነው።


ማለዳ ጮራ

ሙሽሮች ሲሆኑ 2 ሜትር አካባቢ ነው፤ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ግን ወደ 4 ሜትር እመለሳለሁ። ጨርቁ ሁለቱም አለበት። ሰማዩ እንዲነጣብኝ አልፈልግም፤ ግን እንደ ማስታወቂያ ፎቶ ጠቁሮ እንዲወጣም አልፈልግም።


ፀሐይ ጠሪ

600 ግዢ። ስሜት አይደለም፣ ሒሳቡን አብረን እንሥራው።

ጥርት ያለ የቀትር ፀሐይ በኤፍ 16 (የሌንሱ ቀዳዳ መጠን፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ሲለካ፣ ሹተሩ ከአይኤስኦው (ከሴንሰሩ ለብርሃን ያለው ስሜት) ቁጥር ጋር ይመሳሰላል፤ አይኤስኦ 100 ከሆነ 1/100 ገደማ ማለት ነው። ያንቺ ካሜራ በሚፈቅደው 1/200 ላይ ያው ብርሃን ኤፍ 11 ይሆናል። ስለዚህ ፍላሽሽ ሰዎቹ ላይ ሲያርፍ ከፀሐይ እኩል እንዲሆን ኤፍ 11 መስጠት አለበት። ሰማዩን አንድ ስቶፕ (ብርሃኑን በግማሽ) ላጥቁር ካልሽ ኤፍ 16። አይኤስኦውን ከፍ አደርጋለሁ ብለሽ አታስቢ፤ ፀሐዩም አብሮ ከፍ ስለሚል ሁለቱ እዚያው የነበሩበት ይቆማሉ።

ሁለተኛው ነገር ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ሩብ ይሆናል፣ ሁለት ስቶፕ ጠፋ ማለት ነው። 2 ሜትር ላይ ያለሽ 200 ዋት-ሰከንድ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስታንዱን ወደ 4 ሜትር ስትመልሺው 50 እንደያዝሽ ቁጠሪው። ሁለት ድርብ ጨርቅ ያለው ሶፍትቦክስ ደግሞ ከአንድ ስቶፕ በላይ ሊበላ ይችላል።

ከ200 ወደ 400 መውጣት አንድ ስቶፕ ነው። ከ200 ወደ 600 አንድ ተኩል ያህል ይሆናል። እኔ የምሠራበት ጎዶክስ ኤዲ600 ፕሮ ሙሉ ኃይል ላይ 1 ሰከንድ ሳይሞላ ራሱን ይሞላል፤ አምራቹ በአንድ ቻርጅ 360 ሙሉ ብልጭታ ብሎ ጽፎበታል። በግማሽ ኃይል ሳሠራው ደግሞ እንደፈለግሁ እጫናለሁ፤ ይጠብቀኛል እንጂ አልጠብቀውም። ያመለጠችሽን የሙሽራዋን ሳቅ የሚይዝልሽ እንዲህ ያለ ትርፍ ኃይል ነው። ትንሽ ፍላሽ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል ላይ ስለሚሠራ ሁልጊዜ ያስጠብቅሻል።


ቀላል ጓዝ

ወንድሜ ፀሐይ ጠሪ ያለው ሒሳብ ትክክል ነው። ግን «ረዳት የለኝም» ያለችውን ዘለለው።

እኔም ባለ 600 ነበረኝ፤ ከነባትሪው 3 ኪሎ አካባቢ። አንድ ቀን ብቻዬን ወንዝ ዳር ስሠራ ባለ 120 ሳንቲሜትር ኦክታቦክስ ሰክቼበት ነበር። ነፋስ የለም ማለት ይቻላል። ሌንስ ልቀይር ቦርሳዬ ላይ ጎንበስ እንዳልኩ ቅጠሎቹ ሲንኮሻኮሹ ሰማሁ። ቀና ስል ስታንዱ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ሦስተኛው አየር ላይ ነው፤ ጨርቁ እንደ ሸራ ተነፍቷል። ሮጬ ስደርስ የያዝኩት ጨርቁን እንጂ ፍላሹን አልነበረም። ፍላሹ ድንጋዩ ላይ አረፈ፤ የመብራቱ ቱቦ ተሰበረ፣ የሶፍትቦክሱ መያዣ ቀለበት ተጣመመ። ሰው ላይ ባለመውደቁ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። 3 ኪሎ ብረት ከ2 ሜትር ተኩል ከፍታ ልጅ ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን አስቡት።

አሁን ሁለት ኤዲ200 (የጎዶክስ ባለ 200) አለኝ። አንዱ ከባትሪውና ከራሱ (ብርሃኑ ከሚወጣበት ክፍል) ጋር 1 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ቅርጹ እንደ ትንሽ ጡብ ስለሆነ ቦርሳ ውስጥ እንደ ሌንስ ይቀመጣል። ሁለት ዓይነት ራስ አለው፦ ጠፍጣፋውና ባዶ ቱቦው። ሶፍትቦክስ ውስጥ ሁልጊዜ ባዶ ቱቦውን ተጠቀሚ፤ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ስለሚረጭ ጨርቁን እስከ ጠርዙ ይሞላዋል። ጠፍጣፋው መሐሉን ብቻ ያነጣዋል።

ዋናው ነጥቤ ግን ይህ ነው። ፀሐይን ከኋላቸው ካደረግሽ ፊታቸው ጥላ ውስጥ ነው። ስለዚህ ፍላሹ ጥላውን መሙላት እንጂ ፀሐይን ማሸነፍ አይጠበቅበትም። ካሜራሽ ለሰማዩ ኤፍ 11 ላይ ቆሞ ፍላሽሽ ፊታቸው ላይ ኤፍ 8 ቢሰጥ አንድ ስቶፕ ዝቅ ብሏል፤ ጥላው ውስጥ ካለው ብርሃን ጋር ሲደመር ፊቱ ፍላሽ የተተኮሰበት አይመስልም። «ጠቁሮ እንዲወጣ አልፈልግም» ያልሽው ይህንኑ ነው።


ሁለተኛ መጋረጃ

ይቅርታ፣ እኔ ጀማሪ ነኝ። ግን ኤችኤስኤስ (ከሲንኩ በላይ በፈጣን ሹተር መሥራት) ያለው ፍላሽ ከገዛች ይህ ሁሉ ሒሳብ አይቀርላትም? 1/3200 ላይ አድርጋ በኤፍ 2.8 ታነሳለች። ፀሐዩን ሹተሩ ይቆርጠዋል።


የሽቦ ሥራ

ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነውም እዚሁ ላይ ነውና ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ።

ካሜራህ ውስጥ ሁለት መጋረጃ አለ። እስከ 1/200 ድረስ የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ ነው ሁለተኛው መዘጋት የሚጀምረው። ፍላሹ በዚያች ሙሉ በሙሉ ክፍት በሆነች ቅጽበት አንዴ ይተኩሳል። ከዚያ በላይ ስትሄድ ሁለተኛው መጋረጃ የመጀመሪያውን እግር በእግር ይከተለዋል፤ ሴንሰሩ ፊት የምታልፈው ጠባብ ስንጥቅ ናት። ኤችኤስኤስ ማለት ፍላሹ አንዴ በመተኮስ ፈንታ፣ ስንጥቁ አልፎ እስኪያበቃ በጣም በፍጥነት እየደጋገመ መርገብገብ ማለት ነው። አብዛኛው ብርሃን መጋረጃው ላይ ያርፍና ይባክናል። ገና ከሲንክ ስፒዱ እንዳለፍክ ሁለት ስቶፕ ያህል ታጣለህ፤ ሹተሩን ባፈጠንክ ቁጥር ደግሞ የፍላሹም ብርሃን ከፀሐዩ ጋር አብሮ ይቀንሳል።

ስለዚህ 1/200 በኤፍ 11 እና 1/3200 በኤፍ 2.8 ለፀሐዩ አንድ ናቸው። ለፍላሹ ግን ሁለተኛው ይከብደዋል። ኤችኤስኤስ የሚጠቅመው ጀርባውን ለማደብዘዝ ነው፤ ኃይል አይጨምርም። ጀርባው እንዲደበዝዝ ፈልገህ ኃይሉ ካነሰህ ሌንሱ ላይ የ4 ስቶፕ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት) አድርግ። 1/200 ላይ እንዳለህ ከኤፍ 11 ወደ ኤፍ 2.8 ትወርዳለህ፤ ፍላሹ አንዴ በሙሉ ኃይሉ ይተኩሳል፤ የፀሐዩና የፍላሹ ሚዛንም አይዛባም። ጉዳቱ መመልከቻው ይጨልማል፤ ፎከስ የሚያስቸግር ካሜራ አለ።

መጋረጃ የሌላቸው ካሜራዎች ጉዳይ ሌላ ነው። ሌንሱ ውስጥ ሹተር ያላቸው ከ1/200 እጅግ በላይ ሲንክ ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የሆነው ሶኒ ኤ9 3ኛው ትውልድ ደግሞ ሴንሰሩ በሙሉ በአንዴ ስለሚነበብ በየትኛውም ሹተር ፍላሽ ይቀበላል። ጠያቂዋ ያላት ግን ባለ መጋረጃውን ነው።


ሁለተኛ መጋረጃ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ያህል ግልጽ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።


ማለዳ ጮራ

ጋሼ፣ እርስዎ ጥገና ላይ እንደሚሠሩ ከዚህ በፊት ጽፈው አንብቤያለሁ። ስለ ባትሪው ይንገሩኝ እባክዎ። አምራቾቹ የሚጽፉት የብልጭታ ቁጥር ይታመናል? ያገለገለ ልግዛ ብል ምን ልይ? ደግሞ አንዳንዴ በአውሮፕላን ሄጄ እሠራለሁ።


የሽቦ ሥራ

ልጄ፣ ቁጥሩን ራስሽ መመርመር ትችያለሽ። ዋት-ሰከንድ ማለት ጁል ነው፤ 1 ዋት-ሰዓት ደግሞ 3,600 ጁል ነው። ኤዲ200 ላይ ያለው ባትሪ 14.4 ቮልትና 2.9 አምፔር-ሰዓት ነው፤ ሲባዛ 41.76 ዋት-ሰዓት። አምራቹ 500 ሙሉ ብልጭታ ይላል፦ 200 በ500 ሲባዛ 100,000 ጁል፣ ወደ 28 ዋት-ሰዓት። ባትሪው ከያዘው ሁለት ሦስተኛው ነው፤ የቀረው በሙቀት ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። የኤዲ600 ፕሮ ባትሪ 28.8 ቮልት በ2.6 አምፔር-ሰዓት፣ 74.88 ዋት-ሰዓት ነው፤ 360 ብልጭታ 60 ዋት-ሰዓት ይፈጃል። ይህም ያስኬዳል። አሁን ከስፒድላይትሽ ጋር አወዳድሪው፦ አራት ትንንሽ ዳግም ተሞይ ባትሪዎች ተደምረው 10 ዋት-ሰዓት አካባቢ ብቻ ናቸው። ሙሽራዋ ስትስቅ የጠፋብሽ ግን ሙሉ ኃይል ላይ ደጋግመሽ ስትተኩሺ ስለጋለ ነው።

ነገር ግን ያ ቁጥር የአዲስ ባትሪ ቁጥር ነው፤ ብርድ ባልሆነበት ቦታ፣ ሞዴሊንግ ላይት (ፍላሹ ላይ ያለው ሳይቋረጥ የሚበራ መብራት) ጠፍቶ። ሞዴሊንግ ላይቱን ቀን ላይ አብርተሽ አትተዪው፤ በፀሐይ አይታይሽም፣ ባትሪውን ግን ይበላዋል። በብርድ ቦታ ትርፉን ባትሪ ከልብስሽ ውስጥ ያዢው።

በአውሮፕላን ስትሄጂ የሚታየው ዋት-ሰዓቱ ነው። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው ሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ ይገባል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ትርፍ ባትሪ ወደ ጭነት ክፍል በሚሄደው ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። መገናኛ ነጥቦቹን በቴፕ ሸፍኚያቸው። የጠቀስኳቸው ሁለቱም ከ100 በታች ናቸው። ዋት-ሰዓቱ ባትሪው ላይ ተጽፎ እንዲነበብ ይሁን፤ ጽሑፉ የተፋቀ ባትሪ ፍተሻ ላይ ሊያዝብሽ ይችላል።

ያገለገለ ከሆነ ይህን አድርጊ። ባትሪውን አውጥተሽ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው፤ ከተወዛወዘ ወይም መሐሉ ካበጠ አትንኪው። ባለፈው የመጣልኝ አንድ ባትሪ፣ የማን ምርት እንደሆነ አልናገርም፣ አብጦ ከፍላሹ አልወጣ ብሎ ባለቤቱ በቢላ ሊያወጣው ሞክሮ ነበር። ጫፉ የላስቲክ ልባሱን ነክቶት አየሁ፤ ጥቂት ቢገፋው እጁ ላይ ይነድ ነበር። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ ቻርጅ አይደረግም። ቀጥሎ ፍላሹን ሙሉ ኃይል ላይ አድርጊና ሰዓት ይዘሽ ሠላሳ ጊዜ ተኩሺ። የመጨረሻዎቹ አምስት ከመጀመሪያዎቹ በጣም ከዘገዩ ባትሪው ደክሟል። የቱቦውን ሁለት ጫፍ እዪ፤ የከሰል ያህል ከጠቆረ ብዙ ሠርቷል። ከዚያ ወደ ዝቅተኛው ኃይል አውርጂና እየደጋገምሽ አንሺ፤ ፎቶዎቹ አንዱ ደማቅ አንዱ ደብዛዛ ከሆኑ ችግሩ ኃይሉን የሚቆርጠው ክፍል ላይ ነው፤ ያ ደግሞ በቀላሉ አይጠገንም።

አንድ ነገር አደራ፦ ባትሪውን ስላወጣሽ ብቻ ፍላሹን አትክፈቺው። ብርሃኑን የሚሰጠው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ክፍል) ነው፤ ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ይቆያል፤ ልብ የማቆም አቅም አለው። ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጪው ባትሪውን ግማሽ ያህል ሞልተሽ አስቀምጪ፤ በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሞ ፍላሹን አብርተሽ ጥቂት ተኩሺበት። ካፓሲተር ሥራ ሲፈታ ይደክማል።


ጥቁር ሳጥን

ጋሼ ከተናገሩት በኋላ ለእኔ የቀረው ቲቲኤል ነው። የግድ አይደለም። ሙሽሮች ነጭ ቀሚስና ጥቁር ሱፍ ናቸው። ቲቲኤል ላይ ካሜራው ቀሚሱን ሲያይ ፍላሹን ይቀንሳል፣ ሱፉን ሲያይ ይጨምራል፤ አንድ ቦታ ላይ የቆሙ ሰዎችን በአሥር የተለያየ ብርሃን ታገኚያቸዋለሽ። ሰዎቹ ካልተንቀሳቀሱ ማኑዋል ላይ አንዴ ለክተሽ ተዪው። ቲቲኤል የሚያገለግለው እየተራመዱ ሲመጡና ርቀቱ ሲለዋወጥ ነው። በቲቲኤል አንድ አንስተሽ ያገኘውን ኃይል ወደ ማኑዋል የሚያዛውር ትሪገር (ካሜራው ላይ ሆኖ ፍላሹን የሚያዝ መሣሪያ) ካገኘሽ ጥሩ ነው፤ ለእሱ ብለሽ ግን ፍላሹን አትምረጪ።

ከዚያ ይልቅ የሶፍትቦክሱን መያዣ እዪ። ቦወንስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቷል፤ ማያያዣው ግን የሁሉ ቋንቋ ሆኖ ቀርቷል። ቦወንስ የሚቀበል ፍላሽ ከያዝሽ የሶፍትቦክስ ምርጫሽ ሰፊ ነው። ኤዲ200 በራሱ ቦወንስ የለውም፤ በመሐል መያዣ ያስፈልገዋል። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ብትረሺው ግን ቀኑ ባዶ ይሆንብሻል።


ዘላይ እግር

እኔ ዳንሰኞችና ስፖርተኞች ነው የማነሳው። አንድ ነገር ልጨምር። እንቅስቃሴ ለማቆም የሚቆጠረው የብልጭታው ርዝመት ነው። አምራቾች ሁለት ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ፦ ቲ 0.5 እና ቲ 0.1። የመጀመሪያው ብርሃኑ ከግማሽ በላይ ደማቅ ሆኖ የቆየበት ጊዜ ብቻ ስለሆነ የሚያምር ቁጥር ይወጣለታል፤ ጅራቱን አይቆጥርም። በብዙ ፍላሽ ቲ 0.1 የዚያን ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስታወዳድሩ ቲ 0.1ን ከቲ 0.1 ጋር ብቻ አወዳድሩ። አሁን የሚሠሩት አብዛኞቹ ባለ ባትሪ ፍላሾች ኃይል ሲቀንሱ ብልጭታውን ከጫፉ ስለሚቆርጡት ያጥራል። ስለዚህ ለእኔ ባለ 600ን በአንድ ስምንተኛ ኃይል ማሠራት ባለ 200ን በሙሉ ከማሠራት ይሻለኛል። ብርሃኑ ግን በዝቅተኛ ኃይል ትንሽ ወደ ሰማያዊ ሊያደላ ይችላል፤ ቀለም ለሚያጠብቅ ሰው ይህም ይቆጠራል።


ፀሐይ ጠሪ

ይኸው! እኔም የምለው ይህን ነው። ትልቁ ፍላሽ ትንሽ ሆኖ መሥራት ይችላል፤ ትንሹ ግን ትልቅ ሆኖ አይሠራም።


ቀላል ጓዝ

ሁለቱ ትንንሾች ግን ሁለት ቦታ መቆም ይችላሉ። አንዱ ቢበላሽ በሌላው ሠርግ ይጨረሳል። ያንተ አንድ ፍላሽ ድንጋይ ላይ ከወደቀ ቀኑ አለቀ፤ እኔ አይቼዋለሁ።


ጥቁር ሳጥን

ሁለታችሁም በራሳችሁ ሥራ ትክክል ናችሁ። ማለዳ፣ ከመግዛትሽ በፊት ከሚያውቅሽ ሰው ሁለቱንም ለግማሽ ቀን ተዋሽ። ቀትር ላይ፣ በራስሽ ሶፍትቦክስ፣ በራስሽ 2 ሜትርና 4 ሜትር ለኪው። ያገኘሽውን ቁጥር እዚህ ጻፊልን።


ማለዳ ጮራ

(ከዘጠኝ ቀን በኋላ) ይቅርታ ዘገየሁ። ሁለት የሙያ ጓደኞቼ አዋሱኝ፤ አንዷ ባለ 600፣ አንዱ ባለ 200። ቀትር ላይ፣ ጥርት ባለ ሰማይ፣ እህቴን አቁሜ በላይት ሜትር ለካሁ። አይኤስኦ 100፣ 1/200፣ ሁሉም ሙሉ ኃይል። ፀሐዩ ራሱ ኤፍ 11 ነበር፤ ፀሐይ ጠሪ እንዳልከው ሆነ። ፍላሾቹን የለካሁት ሜትሩን ከፀሐይ በሰውነቴ ከልዬ ነው።

በባለ 90 ሳንቲሜትር ሶፍትቦክስ፣ ሁለቱም ጨርቅ ተደርቦ፣ 2 ሜትር ላይ ባለ 200ው ኤፍ 8 ሰጠኝ፤ ባለ 600ው ኤፍ 14 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። 4 ሜትር ላይ ባለ 200ው ኤፍ 4 ወረደ፤ ባለ 600ው ኤፍ 7 አካባቢ። የውስጠኛውን ጨርቅ ሳወጣው ሁለቱም ግማሽ ስቶፕ ያህል አገኙ።

ከዚያ ቀላል ጓዝ ያለውን አስታወስኩና እህቴን ፀሐይ ከኋላዋ አድርጌ በባለ 200ው 2 ሜትር ላይ በኤፍ 11 አነሳኋት። ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ከሰማዩ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፀጉሯ ጠርዝ ላይ ፀሐዩ እንደ ክር ተዘርግቶ ወጣ። በባለ 600ው ከፀሐዩ በላይ አድርጌ ስደግመው ሰማዩ ጠቆረ፣ ቆንጆ ነው፣ ግን እህቴ ከሌላ ቦታ ተቆርጣ የተለጠፈች መሰለችኝ። ለእኔ ሥራ የመጀመሪያው ነው።

4 ሜትር ላይ ያለው ግን አስጨነቀኝ። ኤፍ 4 ለቤተሰብ ምንም አይደለም። ያኔ ሶፍትቦክሱን አውጥቼ ባለ 200ው ባዶ ቱቦ ላይ ተራውን የብረት ሪፍሌክተር ገጠምኩ። 4 ሜትር ላይ ኤፍ 11 ሊደርስ ምንም አልቀረው። ብርሃኑ ጠንከር ያለ ነው፤ የአፍንጫ ጥላ ይታያል። ግን ሃያ ሰው በአንድ 90 ሳንቲሜትር ጨርቅ 4 ሜትር ላይ ለስላሳ ይሆናል ብዬ ማሰቤም ስህተት ነበር፤ ከዚያ ርቀት ጨርቁም ትንሽ ምንጭ ነው። ሁለት ባለ 200 ግራና ቀኝ ከፍ አድርጌ፣ በሪፍሌክተር ብቻ፣ ብጠቀም ጥላውን አንዱ ለአንዱ ይሞላለታል።

ሙሉ ኃይል ላይ እየደጋገምኩ ስተኩስ ባለ 200ው በየብልጭታው ሁለት ሰከንድ ያህል አስጠበቀኝ። ፀሐይ ጠሪ፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ፤ ባለ 600ው ላይ ጥበቃ የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ስለዚህ ሙሽሮች ሲሆኑ ሁለቱን ባለ 200 በመንታ መያዣ አንድ ሶፍትቦክስ ውስጥ አስገብቼ እያንዳንዱን ግማሽ ኃይል ላይ አሠራቸዋለሁ። ያው ኤፍ 8 ይሰጡኛል፤ ጥበቃውም በግማሽ ይወርዳል። ቤተሰብ ሲመጣ አወጣቸውና እለያያቸዋለሁ።

ሁለት ኤዲ200 እና አንድ ትርፍ ባትሪ አዝዣለሁ።


ፀሐይ ጠሪ

ቁጥሮችሽን ሁለት ጊዜ አነበብኳቸው። ሁለቱን በግማሽ ኃይል አንድ ሳጥን ውስጥ የማሠራቱን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ጥሩ መላ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ የታጨደ ሜዳ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ውሃ ያለበት ቦታ ስትሠሪ ጀርባው ከኤፍ 11 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያኔ ሁለቱንም ወደ ሙሉ ኃይል መልሰሽ ወደ 1 ሜትር ተኩል ቅረቢ። ሰማይ ማጥቆር ያለበት ሥራ ከመጣልሽ ደግሞ ባለ 600ውን ለዚያ ቀን ብቻ ተዋሽ፤ መግዛት የለብሽም። ይህን ለማለት ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል፣ ግን እያልኩት ነው።


ቀላል ጓዝ

እንኳን ደስ ያለሽ። ሁለቱ በመንታ መያዣ ሲሆኑ ክብደቱ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል፤ ሶፍትቦክሱ ሲጨመር የኔ ፍላሽ ከወደቀበት ብዙም አይርቅም። የአሸዋ ከረጢቱን ነፋስ ባይኖርም ስቀይበት። ከረጢቱ መሬት ይንካ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ አይወዛወዝ። የስታንዱ አንድ እግር ደግሞ ሶፍትቦክሱ ወዳዘነበለበት አቅጣጫ ይሁን።


ማለዳ ጮራ

ከረጢቱን ትናንት ሰፋሁት፤ 5 ኪሎ ይይዛል። ስደርስ በአሸዋ እሞላዋለሁ፣ ስመለስ እደፋዋለሁ፤ ስለዚህ አልሸከመውም።


የሽቦ ሥራ

ልጄ፣ ባትሪዎቹ ሲመጡልሽ መጀመሪያ ቻርጅ ያደረግሽበትን ቀን በማይለቅ ጠቋሚ ጻፊባቸው፤ 1፣ 2፣ 3 እያልሽም ቁጥር ስጫቸው። ሦስቱን በየተራ አዙሪያቸው። አንዱን ሁልጊዜ ትርፍ አድርገሽ ከቦርሳ ሥር ከተውሽው፣ የምትፈልጊው ቀን ባዶ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ከዓመት በኋላ አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ ሲደክም የትኛው እንደሆነ በቁጥሩ ታውቂዋለሽ፤ ያኔ ጻፊልኝ።